ከሴሊግማን እስከ ቶፖክ፦ አሮጌውን ሩት 66 በአሪዞና ለሚነዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሩት 66 ከቺካጎ ተነስቶ ሳንታ ሞኒካ እስኪደርስ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር። ዳር እስከ ዳር ለመንዳት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አብዛኛው መንገደኛ ግን በእጁ ያለው አንድ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ነው። በዚያች አንድ ቀን የትኛውን ቁራጭ ልንዳ ለሚል ሰው መልሳችን አንድ ነው፦ በሰሜን ምዕራብ አሪዞና ከሴሊግማን ተነስቶ በኪንግማንና በኦትማን በኩል ኮሎራዶ ወንዝ ዳር፣ ቶፖክ ላይ የሚያበቃውን። ከታች ያሉት ስለዚሁ ቁራጭ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ወርና ዓመቱን በፈረንጆች ጽፈናል። እዚያ ያሉ የመንገድ ምልክቶችና የመኪናው የፍጥነት መለኪያ በማይል ስለሆኑ ማይሉንም አብረን አስቀምጠናል።

ሩት 66 ድሮ ቀርቷል ይባላል። ታዲያ የምነዳው ምኑን ነው?

የቀረው ቁጥሩ ነው። መንገዱ ኖቬምበር 11 ቀን 1926 በይፋ ቁጥር ተሰጠው፤ ስምንት ክፍላተ ግዛት ያቋርጥ ነበር። ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው በ1938 ነው። በኋላ ኢንተርስቴት የሚባሉት ሰፋፊ ፈጣን መንገዶች እየተሠሩ ከተማ በከተማ ወደ ጎን ተዉት፤ በጁን 1985 ቁጥሩ ከአገሪቱ የአውራ ጎዳና መዝገብ ተሰረዘ። አስፋልቱን ግን ማንም አላነሳውም። አንዳንዱ የከተማ ዋና ጎዳና ሆነ፣ አንዳንዱ ከኢንተርስቴቱ ጎን የሚሄድ የአገልግሎት መንገድ፣ አንዳንዱ በግል የከብት እርባታ ግቢ ውስጥ ቀረ፣ ሌላው ደግሞ ኢንተርስቴቱ ራሱ ላዩ ላይ ተሠራበት።

የአሪዞናው ቁራጭ ሳይነካ የተረፈው በባቡሩ ምክንያት ነው። በእንፋሎት ዘመን የተዘረጋው ሐዲድ ውሃና ለስላሳ ዳገት ፍለጋ ከሴሊግማን ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ በፒች ስፕሪንግስ ዞሮ ነው ኪንግማን የሚወርደው። አሮጌው መንገድም ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ኢንተርስቴት 40 ሲሠራ ውሃ የሚፈልግ ባቡር ስላልነበረ ተራራውን እየቆረጠ በደቡብ በኩል በአቋራጭ አለፈ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ መንገዶች እዚህ በብዙ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። በሌላ ቦታ አሮጌውን ሲነዱ ኢንተርስቴቱ ጎንዎ ይጮኻል፤ እዚህ የሚሰማው የጭነት ባቡር ብቻ ነው።

ሴሊግማን ኢንተርስቴቱ የተከፈተባትን ቀን፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1978ን፣ እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች፤ የመኪናው ጎርፍ በአንድ ቀን ቆመ። የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ ኤንጀል ዴልጋዲዮ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ በ1987 ማኅበር አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የአሪዞና መንግሥት ይህን ቁራጭ «ታሪካዊ ሩት 66» ብሎ ሰየመው። ዛሬ መንገዱ ላይ የሚያዩት ቡናማ ምልክት የዚያ ጥረት ውጤት ነው፤ ሌሎቹ ክፍላተ ግዛትም የኋላ ኋላ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል።

ከየት ይጀመራል? ርዝመቱስ?

ከምሥራቅ ለሚመጣ ሰው ትክክለኛው መግቢያ ከአሽ ፎርክ ወደ ምዕራብ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው የኢንተርስቴት 40 መውጫ 139 ነው፤ ክሩክተን መንገድ ይባላል። ብዙ ሰው እስከ መውጫ 123 ይነዳና በቀጥታ ሴሊግማን ይገባል። እንዲያ ሲያደርግ ወደ 27 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከመሬቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ባዶ መንገድ ያመልጠዋል፤ ለእኛ ከጉዞው ምርጥ ክፍሎች አንዱ ይኸው ነው።

ከሴሊግማን እስከ ኪንግማን 87 ማይል (140 ኪሎ ሜትር) ነው። ከኪንግማን እስከ ኦትማን 28 ማይል (45 ኪሎ ሜትር)፣ ከዚያ እስከ ቶፖክ ወደ 25 ማይል። ከመውጫ 139 እስከ ቶፖክ፣ ማለትም እስከ መውጫ 1፣ በድምሩ ወደ 158 ማይል (254 ኪሎ ሜትር) ይሆናል። ሳይቆራረጥ የሚነዳ ከዚህ የረዘመ የሩት 66 ቁራጭ የለም።

ለመነሻ ከተማ ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ ይመቻል። ከላስ ቬጋስ እስከ ኪንግማን ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ከፊኒክስ እስከ ሴሊግማን ወደ ሦስት ሰዓት ነው።

ስልኬ ደጋግሞ ወደ ኢንተርስቴቱ ይመልሰኛል። ምን ላድርግ?

የካርታ መተግበሪያ የሚያውቀው ፈጣኑን መንገድ ነው። «ከሴሊግማን ወደ ኪንግማን» ብለው ከጻፉ ኢንተርስቴቱ ሰባ ማይል ገደማ ስለሆነና ፍጥነቱም ስለሚበልጥ ሁልጊዜ እሱን ይመርጣል። መፍትሔው መሃል ላይ ማረፊያ ማስገባት ነው፦ ሴሊግማን፣ ፒች ስፕሪንግስ፣ ትራክስተን፣ ሃክቤሪ፣ ኪንግማን፤ ቀጥሎ ኩል ስፕሪንግስ፣ ኦትማን፣ ቶፖክ። «ፈጣን መንገዶችን አስወግድ» የሚለውን ምርጫ ብቻ ማብራት አያስተማምንም፤ አንዳንዴ በእርሻ ውስጥ የአፈር መንገድ ያወጣልዎታል።

ካርታውን ሆቴል ውስጥ ሳሉ በስልክዎ ያውርዱት። ከሴሊግማን ከወጡ በኋላ መረብ ይመጣል ይሄዳል፤ በኦትማን ተራሮች መካከል ጨርሶ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። ደግነቱ ከሴሊግማን እስከ ኪንግማን መንገዱ አንድ ነው፣ መሳሳት ይከብዳል። የሚሳሳቱት ኪንግማን ላይ ነው። ከተማው ውስጥ አንዲ ዲቫይን ጎዳና የሚባለው ራሱ ሩት 66 ነው፤ እሱን ይዘው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይውጡ። ኢንተርስቴቱ ላይ ከገቡም አይጨነቁ፤ በመውጫ 44 ይውጡና የኦትማን መንገድ የሚለውን ምልክት ይከተሉ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከየት ወደ የት ብነዳ ይሻላል?

ሳይቆሙ ከሴሊግማን ኪንግማን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ግን ሳይቆሙ ለመንዳትማ ኢንተርስቴቱ አለ። ለዚህኛው ክፍል ግማሽ ቀን ይመድቡ። ከኪንግማን ኦትማን ርቀቱ ትንሽ ቢሆንም ሃምሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

በአንድ ቀን ለሚጨርስ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው፦ ከሴሊግማን ከጠዋቱ 2 ሰዓት መነሳት፣ ኪንግማን 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ደርሶ ምሳ መብላትና ነዳጅ መሙላት፣ 7 ሰዓት ተኩል መውጣት፣ ኦትማን 9 ሰዓት ላይ መሆን፣ 10 ሰዓት ላይ ወደ ቶፖክ መውረድ። ኦትማን ዘግይቶ መድረስ ዋጋ የለውም፤ ሱቆቹም ይዘጋሉ፣ አህዮቹም ወደ ኮረብታው ይመለሳሉ።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መንዳት ይሻላል። ጠዋት ፀሐይ ከኋላ ትሆናለች፣ ፎቶም ይወጣል። ችግሩ ከሰዓት ነው፦ ኦትማን ተራራ ላይ ሲወጡ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታለች። የፊት መስታወቱን ኪንግማን ላይ በደንብ ያጽዱት፤ የሞተ ነፍሳት የለጠፈበት መስታወት ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ኩርባው ውስጥ ምንም አይታይም።

አሪዞና ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀያይርም። ጎረቤቶቿ ኔቫዳና ካሊፎርኒያ ይቀያይራሉ። ስለዚህ በፈረንጆች በጋ ከላስ ቬጋስ ጋር ሰዓቱ አንድ ነው፤ በክረምት ግን አሪዞና አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ጉብኝት ቀጥረው የሚያመልጣቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው የሚሸወዱት።

የት የት ልቁም?

ሴሊግማን ላይ መኪናዎን አቁመው በእግር ይሂዱ። የድሮ መኪኖች፣ የሞቴል መብራቶች፣ የዴልጋዲዮ ፀጉር ቤት ሁሉም በአንድ ጎዳና ላይ ናቸው። ትልልቅ የቱሪስት አውቶቡሶች ሲመጡ ጎዳናው ይጨናነቃል፣ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ጭር ይላል፤ ሃያ ደቂቃ ቢታገሱ ፎቶዎ ውስጥ ሰው አይኖርም።

ከሴሊግማን ሲወጡ በመንገዱ ዳር ተራ በተራ የተተከሉ ትናንሽ ቀይ ሰሌዳዎች ያያሉ። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ቃላት አሉ፤ አምስት ስድስቱ ሲደመሩ አንድ ቀልደኛ ግጥም ይሆናሉ፣ መጨረሻው ላይ የአንድ የመላጫ ክሬም ስም አለ። በርማ ሼቭ የተባለው ይህ ማስታወቂያ ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ መንገዶች ሁሉ የታወቀ ነበር። አሁን ያሉት አዲስ የተሠሩ ናቸው። ግጥሙን አሽከርካሪው ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ያንብብ።

ከሴሊግማን 25 ማይል ያህል ርቆ የግራንድ ካንየን ዋሻዎች አሉ፤ ከመሬት በታች 64 ሜትር ያህል በአሳንሰር የሚወረድበት ደረቅ ዋሻ ነው። በኦክቶበር 2022 አሳንሰሩ ተበላሽቶ አምስት ጎብኚዎች ከአንድ ቀን በላይ እታች ቆይተዋል። ጉብኝት መኖሩን ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ፤ ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ከእናንተ ጋር ካለ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስቡበት።

ፒች ስፕሪንግስ ዋላፓይ የተባሉት የአገሬው ተወላጆች መዲና ናት። አውራ ጎዳናው ላይ ያለ ፈቃድ ያልፋሉ፤ ከጎዳናው ወጥተው ወደ ውስጥ ለመንዳት ግን ከማኅበረሰቡ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ነዋሪዎችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ። ከዚህች ከተማ ወደ ሰሜን ዳይመንድ ክሪክ የሚባል 19 ማይል ያህል የአፈር መንገድ ይወርዳል፤ ግራንድ ካንየን ውስጥ በመኪና እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ይኸው ነው። መጨረሻው ላይ ጅረቱን በውሃ ውስጥ ማቋረጥ አለ፤ ለቤት መኪና አይሆንም፣ የኪራይ ውልም አብዛኛውን ጊዜ የአፈር መንገድን ይከለክላል።

ከትራክስተን በኋላ፣ ቫለንታይን ጋ፣ ከአጥር ጀርባ አንድ ቀይ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። የአገሬው ተወላጆች ልጆች ከቤተሰባቸው ተነጥለው እንዲማሩ የሚደረግበት ትምህርት ቤት ነበር። ቱሪስት የሚጠራ ነገር የለውም፤ ብዙው ሰው ሳያየው ያልፋል። እኛ ግን ይህን መንገድ በናፍቆት ብቻ የሚያየው ሰው እዚህ ጋ ቀስ ቢል ደስ ይለናል።

ሃክቤሪ ከኪንግማን 28 ማይል ያህል ቀደም ብላ ናት። አሮጌው ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት ፊት ለፊት የ1957 ቀይ ኮርቬት መኪና ቆሟል፤ የነዳጅ መቅጃዎቹ ግን ጌጥ ናቸው፣ ነዳጅ የላቸውም። ቀጥሎ አንታሬስ መታጠፊያ ላይ ግዙፍ አረንጓዴ የራስ ቅርጽ ያገኛሉ፤ ለምን እንደተሠራ ማሰብ አያስፈልግም፣ ፎቶ አንስተው ይለፉ። ኪንግማን ውስጥ በቀድሞው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንፃ ያለው የሩት 66 ሙዚየም አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ከፊት ለፊቱ መናፈሻ ውስጥ 3759 የሚል ቁጥር ያለው የእንፋሎት ባቡር አለ።

ነዳጅ የት ልሙላ? ምን ያህልስ ይበቃኛል?

ሴሊግማን ላይ ይሙሉ፣ ኪንግማን ላይ ደግመው ይሙሉ። ፒች ስፕሪንግስ ላይም አለ። ከኪንግማን እስከ ቶፖክ ግን አለ ብለው አይተማመኑ፤ ኦትማን ውስጥ የሚሸጠው ቅርሳ ቅርስና አይስክሬም ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መካከለኛ መኪና ለ158 ማይል 6.3 ጋሎን፣ ማለትም 24 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ለዳገቱ፣ ለአየር ማቀዝቀዣውና ለመመለስ የሚሆን ሲጨመር ከኪንግማን ሲወጡ ታንከሩ ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ለአብዛኛው ቤንዚን መኪና መቅጃው ላይ 87 የሚል ቁጥር ያለው ቤንዚን ይበቃል። የናፍጣው እጀታ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፣ ነገር ግን ቀለሙን አይመኑ፤ ጽሑፉን ያንብቡ።

ከውጭ አገር የመጣ የባንክ ካርድ ማሽኑ ላይ እምቢ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ማሽኑ የአሜሪካ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ቁጥር ይጠይቃል። ወደ ውስጥ ገብተው የመቅጃውን ቁጥር ነግረው አስቀድመው ይክፈሉ፤ የተረፈው ይመለስልዎታል።

ለኤሌክትሪክ መኪና ኪንግማን ላይ ፈጣን መሙያ አለ። 87 ማይሉን አብዛኛው መኪና ያለ ችግር ይጨርሳል።

የኦትማን መንገድ እንደሚባለው ያስፈራል?

ለጥንቁቅ አሽከርካሪ አያስፈራም፤ ለቸኳይ ግን አደገኛ ነው። መንገዱ ከኪንግማን ወጥቶ ሸለቆ ይወርድና ከኩል ስፕሪንግስ በኋላ ወደ ሲትግሬቭስ ማለፊያ ይወጣል፤ ጫፉ 1,082 ሜትር ነው። ቁመቱ ለሊማሊሞ ሰው ምንም አይደለም። የሚፈትነው ስፋቱና ኩርባው ነው፦ ሁለት መኪና የሚተላለፍበት ጠባብ አስፋልት፣ ገደሉ ጠርዝ ድረስ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ቦታ መከለያ የሌለው። አስፋልቱ ካለቀበት በኋላ መንኮራኩር የሚያሳርፉበት ትከሻ የለም። ኩርባዎቹ ላይ ምልክቱ በሰዓት 15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር) ወይም ከዚያ በታች ይላል፤ ምክር ብቻ አይምሰልዎ፣ ትክክለኛው ፍጥነት እሱ ነው።

በድሮ ጊዜ የመኪኖቹ ነዳጅ ያለ ፓምፕ በክብደቱ ብቻ ወደ ሞተሩ ይወርድ ስለነበር ዳገት ላይ ሞተሩ ነዳጅ ያጣ ነበር። የኋላ ማርሽ ደግሞ ከሁሉም ማርሽ ይበልጥ ጉልበት ነበረው። ስለዚህ አንዳንዱ አሽከርካሪ ይህን ተራራ ፊቱን አዙሮ በኋላ ማርሽ ይወጣው ነበር፤ ያልደፈረው ከፍሎ ያስጎትት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተራራውን በደቡብ የሚዞር አዲስ መንገድ ሲከፈት ኦትማን ባዶ ቀረች።

ከመውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎት፦

ከ40 ጫማ (12.2 ሜትር) በላይ ርዝመት ያለው ተሽከርካሪ፣ ተጎታቹ ተደምሮ፣ በተራራው ክፍል ላይ ክልክል ነው። ከዚያ አጠር ያለ ተጎታች ቢፈቀድም አንመክርም፤ በኩርባው ላይ የኋላው መንኮራኩር የሌላውን ሰው መስመር ይበላል። ተጎታች ያለው ሰው ከምዕራብ በኩል፣ ከቶፖክ ተነስቶ ኦትማን ደርሶ መመለስ ይችላል፤ ያ ወገን ረጋ ያለ ነው።

ኩርባ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፣ ውስጥ ገብተው ፍሬን አይርገጡ። መሃሉን መስመር አይንኩ፤ በተለይ ከፊት የሚመጡ ሞተር ሳይክሎች ኩርባውን ቆርጠው የመግባት ልማድ አላቸው። ከኋላዎ የተሰለፈ ካለ መኪና ማቆሚያ ቦታ ሲያገኙ ወጣ ብለው ያሳልፉ፤ መንገዱ መሃል ቆሞ ፎቶ ማንሳት ግን አይሆንም።

ተራራውን ሲወርዱ አውቶማቲክ መኪናን በ«ዲ» ብቻ አይልቀቁት። «ኤል» ወይም «2» ካለ እሱን፣ መደመሪያና መቀነሻ ያለው ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ይምረጡ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝልዎታል። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ የፍሬኑን ሸራ ያግላል፤ ሸራው ሲግል ይዞታው ይቀንሳል፣ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ መቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ረገጥ አድርጎ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ፤ ደግሞ ረገጥ፣ ደግሞ መልቀቅ ነው ዘዴው።

ዳገት ላይ ሞተሩ ቢሞቅ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢሸተኝስ?

የሙቀት መለኪያው ከመሃል ማለፍ ከጀመረ መጀመሪያ የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ። ካልወረደ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ውስጡ እቶን ይሆናል፣ ግን ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። ቀዩ ጋ ከተጠጋ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አይንኩ፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ በግፊት ስለታመቀ ሲከፈት ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ቱቦው በእጅ ሲነካ ለብ ብቻ ሲል ቀስ ብለው ከፍተው ይጨምሩ።

ፍሬን ከሸተተ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ደልዳላ ቦታ ፈልገው ይቁሙና 20 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት። በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ አያፍስሱ፤ ብረቱ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ልኩ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ቀን በሙቀት ከፍ ብሎ ሲያዩት አያስተንፍሱት። የኪራይ መኪና ከሆነ ስኮርታ ጎማና ክሪክ መኖሩን ከመረከብዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች በምትኩ መድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚይዙት። ስልክ ቢሠራልዎት ወደ 911 ሲደውሉ በመንገዱ ዳር ባለው ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ያለውን የማይል ቁጥር ይንገሩ። መኪናውን ትተው በእግር አይሂዱ።

የኦትማን አህዮች ይነክሳሉ? ምን ላብላቸው?

ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉም። ወርቅ ቆፋሪዎች ይጠቀሙባቸው የነበሩ አህዮች ዘሮች ናቸው፤ የማዕድን ጉድጓዶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘጉ ዱር ቀሩ። አሁን በ1971 በወጣ የፌዴራል ሕግ የሚጠበቁ የዱር እንስሳት ናቸው፣ ሰው ስለማይፈሩ ብቻ የቤት አይምሰሉዎ። ቀን ቀን ጎዳናው መሃል ይቆማሉ፣ ጥሩምባ አይሰሙም፤ ሞተሩን ረጋ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው።

ሱቆቹ የሚሸጡትን የተጨመቀ ድርቆሽ ብቻ በተዘረጋ መዳፍ ይስጡ። ካሮት፣ ቺፕስ፣ ዳቦ ሆዳቸውን ያውካል። ግንባሩ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ውርንጭላ ካዩ «አታብሉኝ» ማለት ነው፤ ገና የእናቱን ጡት የሚጠባ ነው፣ ሊታነቅ ይችላል። የመኪና መስኮት ከፍተው ከውስጥ አያብሉ፤ ጭንቅላቱን አስገብቶ አልወጣም ይላል። ከአህያ ኋላ አይቁሙ የሚለውንማ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በየትኛው ወር ልሂድ?

ከማርች እስከ ሜይ አጋማሽ፣ ወይም ኦክቶበርና ኖቬምበር። ሴሊግማን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በክረምት በረዶ ይጥላል፣ ማለዳ መንገዱ ይንሸራተታል። ቶፖክ ደግሞ ወንዝ ዳር ዝቅ ያለ በረሃ ነው፤ በጁላይ ከ43 ዲግሪ በላይ የተለመደ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ጃኬትም ካናቴራም ያስፈልጋል። ውሃ በነፍስ ወከፍ አራት ሊትር መኪና ውስጥ ይኑር፣ አሪፍ ወቅትም ቢሆን።

በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ከሴሊግማን ጀምሮ የድሮ መኪኖች ሰልፍ ይካሄዳል። መኪና ለሚወድ ሰው ድግስ ነው፤ ባዶ መንገድ ለሚፈልግ ግን ሳምንቱን ማሳለፍ ይሻላል። በዚያ ሰሞን አልጋ ከወራት በፊት ያልያዘ አያገኝም። ኪንግማን ሲያድሩ ከሐዲዱ ራቅ ያለ ሆቴል ይምረጡ፤ የጭነት ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል።

ዝናብ ከዘነበ መንገዱ ይዘጋል?

ሊዘጋ ይችላል። ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያለው የዝናብ ወቅት ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነጎድጓድ ያመጣል። አሮጌው መንገድ ብዙ ደረቅ ወንዞችን ያለ ድልድይ፣ አስፋልቱ ራሱ ወርዶ ነው የሚያቋርጠው። እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከሥር አስፋልቱ ተቆርጦ ይሁን አይሁን ደግሞ አይታይም። የዚህ ጎርፍ ጥሩ ጎኑ ቶሎ መጉደሉ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆነው ይጠብቁ። በአሪዞና ሕግ መዝጊያ አጥር አልፎ ውሃ ውስጥ የገባ አሽከርካሪ የማዳኑን ወጪ ሊከፍል ይችላል።

ሌሊትም አይንዱ። መብራት የለም፣ አጥር በሌለበት ቦታ ላም አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ሴሊግማን አካባቢ ደግሞ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ይሻገራል።

የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ይሠራል? ፖሊስ ቢያስቆመኝስ?

ለጎብኚ ይሠራል። መንጃ ፈቃዱ በላቲን ፊደል ካልሆነ ወይም አከራዩ ከጠየቀ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ከአገርዎ ሳሉ ያውጡ፤ አሜሪካ ከደረሱ በኋላ አይወጣም፣ ያለ ዋናው ፈቃድም ብቻውን ዋጋ የለውም። ከአንድ ከተማ ተከራይቶ ሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ከላስ ቬጋስ ተነስቶ ዞሮ እዚያው መመለስ ይረክሳል።

በአሪዞና ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ብቻውን ያስቀጣል። የፍጥነት ገደቡ ክፍት መንገድ ላይ ከፍ ብሎ ከተማ መግቢያ ላይ በአንዴ ይወርዳል፤ ፒች ስፕሪንግስ የራሷ የዋላፓይ ፖሊስ አላት። መብራት ከኋላዎ ከበራ በቀኝ ዳር ይቁሙ፣ ከመኪና አይውረዱ፣ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ፣ ወረቀት ለማውጣት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይናገሩ።

በዚሁ መንገድ ግራንድ ካንየንን ማየት እችላለሁ?

ከመንገዱ ላይ አይታይም። ብሔራዊ ፓርኩ፣ ደቡባዊ ጠርዝ የሚባለው፣ ከዊሊያምስ ወደ ሰሜን 60 ማይል ነው፤ ዊሊያምስ ከሴሊግማን በስተምሥራቅ ስለሆነች ከዚህ ጉዞ በፊት ባለው ቀን ቢያደርጉት ይመቻል። ከካንየኑ ጠርዝ ወጣ ብሎ የተሠራው ባለ መስታወት ወለል ድልድይ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ከኪንግማን በስተሰሜን በዋላፓይ መሬት ላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ራሱን የቻለ አንድ ቀን ይበላል። የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ትኬት እዚያ አያገለግልም።

ከቶፖክ በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ብቀጥልስ?

ድልድዩን በኢንተርስቴት 40 ይሻገራሉ። ወደ ደቡብ ሲያዩ ነጭ የብረት ቅስት አለ፤ በ1916 የተሠራ የመኪና ድልድይ ነበር፣ አሁን የጋዝ ቧንቧ ተሸክሟል። ካሊፎርኒያ እንደገቡ የግብርና ፍተሻ ጣቢያ አለ፤ ብርቱካንና ሌላ ትኩስ ፍሬ ከያዙ ይጠየቃሉ፣ ስለዚህ ቶፖክ ላይ በልተው ይጨርሱት።

ከኒድልስ ከተማ ወዲያ በረሃውን የሚያቋርጠው አሮጌ መንገድ በእንጨት ድልድዮች የተሞላ ነው። ከ2014ቱ ጎርፍ ጀምሮ አምቦይ አካባቢ ያሉ ክፍሎች ሲዘጉና ሲከፈቱ ኖረዋል። የሳን በርናርዲኖ አውራጃን የመንገድ መዝጊያ ማስታወቂያ በዚያው ቀን ጠዋት ይዩ፤ ከተዘጋ በኢንተርስቴቱ አልፈው ክፍት ወደሆነው ክፍል በመውጫ ይገባሉ።